ገላ ማጠብ የማን ሥራ ነው? በእንግሊዝ የማኅበራዊ እንክብካቤና የማኅበረሰብ ጤና አገልግሎት ቅንጅት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

በእንግሊዝ አገር የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤና የማኅበረሰብ ጤና አገልግሎት የሚቀናጁበትን መንገድ እንዳስረዳ ነው የተጋበዝሁት። ርእሱ የቦርድ፣ የበጀትና የአዋጅ ወሬ የሚያስከትል ነውና ያንንም አልሸሽም። ነገር ግን ጉዳዩ የሚፈተነው በአንድ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ መኝታ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ወደዚያ እንግባ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ለምሳሌ ያህል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ እግራቸው ላይ ቶሎ የማይድን ቁስል የወጣባቸውና የመርሳት ሕመም የጀመራቸው አንዲት የ85 ዓመት እናት እናስብ። በማለዳ ተንከባካቢ ትመጣለች፤ ከአልጋ ታነሣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ቁርስ ታቀርብላቸዋለች። ይህችን ሠራተኛ የቀጠረው የግል ድርጅት ነው፤ ለድርጅቱ የሚከፍለው ደግሞ ካውንስል በመባል የሚታወቀው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። በዚያው ማለዳ የአካባቢ ነርስ ትመጣለች፤ ኢንሱሊን ትወጋቸዋለች፣ ቁስሉን አጽድታ በፋሻ ታስራለች። የእርሷ ቀጣሪ ብሔራዊው የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ ነው። ነርሷ ከዘገየች ቁርሱ ከኢንሱሊኑ በፊት ይበላል፤ ተንከባካቢዋ ከዘገየች ኢንሱሊኑ ተወግቶ ምግቡ ይቀራል፤ ይህም የደም ስኳርን ለአደጋ እስኪያደርስ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ተንከባካቢዋ ፋሻው መርጠቡን አይታ በድርጅቷ ስልክ ላይ ትመዘግባለች፤ ነርሷ ያንን መዝገብ አታየውም። ነርሷ እኚህ እናት እየከሱ መሆናቸውን በጤና ተቋሟ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች፤ ምግብ የምታቀርበው ተንከባካቢ ይህን አታውቅም። ሁለቱም የታዘዙትን ሥራ በአግባቡ ሠርተዋል፤ ሆኖም እኚህ እናት በሳምንቱ መጨረሻ በአምቡላንስ ተጭነው ሆስፒታል ቢገቡ ማንም ሊገረም አይገባም። ቅንጅት የምንለው ነገር እንዲህ ዓይነቱን ማለዳ ካልለወጠው ሌላ ምን ሊለውጥ እንደሚችል እኔ አይገባኝም።

ክፍፍሉ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ጁላይ 5 ቀን 1948 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያች ዕለት ሁለት ሕጎች በአንድ ላይ ሥራ ላይ ዋሉ። የመጀመሪያው ብሔራዊውን የጤና አገልግሎት አቋቋመ፤ ማንኛውም ሰው በታመመ ጊዜ ሳይከፍል እንዲታከም፣ ወጪውም ከጠቅላላው የመንግሥት ገቢ እንዲሸፈን ደነገገ። ሁለተኛው የብሔራዊ እርዳታ ሕግ ሲሆን፣ ለዘመናት የኖረውን የድኾች ሕግ ሽሮ፣ በዕድሜ ወይም በድካም ምክንያት እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች መኖሪያ የማዘጋጀት ኃላፊነትን ለምክር ቤቶች ሰጠ። በዚህኛው አገልግሎት ግን ተጠቃሚው እንደ አቅሙ ይከፍላል። ሕመም የጋራ ዕዳ ሆነ፤ ድካም ግን ገቢና ሀብት ተጣርቶ የሚታይ የግል ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በዚያን ዘመን ብዙ አረጋውያን ለረጅም ጊዜ በሆስፒታል አልጋ ላይ ይቆዩ ስለነበር የልዩነቱ ክብደት ወዲያው አልታየም። የረጅም ጊዜ ቆይታ ክፍሎቹ እየተዘጉ፣ ሰዎችም በየቤታቸውና በየእንክብካቤ ማዕከሉ እየኖሩ ሲመጡ ግን መስመሩ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ መሰመር ጀመረ።

መስመሩ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ገላ መታጠብን ያህል የሚያሳይ የለም። በዚህ አገር የአገልግሎቱ ሰዎች ለረጅም ዓመታት ስለ ሕክምና መታጠብና ስለ ማኅበራዊ መታጠብ ሲከራከሩ ኖረዋል። የቆዳ ሕመም ወይም ቁስል ስላለ የሚደረግ መታጠብ የነርስ ሥራ ሆኖ በነጻ ይሰጣል፤ ለንጽሕናና ለምቾት ሲባል የሚደረገው ግን የምክር ቤቱ ጉዳይ ሆኖ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። ውኃው ያው ነው፣ ሳሙናው ያው ነው፣ የሚታጠበውም ሰው ያው ነው። ክርክሩን የሚሰማ የውጭ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም በጀት የሚጠብቁት ሁለቱ ወገኖች በቁም ነገር ነበር የሚከራከሩት፤ ምክንያቱም የ2014ቱን የእንክብካቤ ሕግ ጨምሮ የአገሪቱ ሕጎች ምክር ቤቶች ኤንኤችኤስ ሊሰጠው የሚገባውን አገልግሎት እንዳይሰጡ ይከለክላሉ፤ የሚፈቀደው ከእንክብካቤው ጋር ተያይዞ የሚመጣ አነስተኛ ነገር ብቻ ነው።

የገንዘቡን ነገር በቁጥር እንየው። በእንግሊዝ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ጥሪት ያለው ሰው ለማኅበራዊ እንክብካቤው ሙሉውን ወጪ ራሱ ይሸፍናል፤ ከ14,250 ፓውንድ በታች ያለው ከጥሪቱ ምንም አይጠየቅም፣ ከገቢው ግን ሊጠየቅ ይችላል። እነዚህ ሁለት ወሰኖች ከ2010 ጀምሮ ከፍ አላሉም፤ የኑሮ ውድነቱ ግን አልቆመላቸውም። ለቤት ውስጥ እንክብካቤ የመኖሪያ ቤቱ ዋጋ አይቆጠርም፤ ሰውየው ወደ እንክብካቤ ማዕከል በቋሚነት ሲገባና የትዳር ጓደኛ ወይም ሌላ በሕግ የተጠቀሰ ዘመድ በቤቱ የማይኖር ከሆነ ግን ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ የሚያመልጠው የፍላጎቱ ዋና ምክንያት ሕመም መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው ነው፤ የዚህን ሰው ሙሉ ወጪ ኤንኤችኤስ ይችላል። ይህን ለመወሰን በሥራ ላይ ያለው ቅጽ ፍላጎትን በ12 ዘርፎች ከፍሎ ይመዝናል፤ በዚህ ቅጽ ፊት የሚቀመጡት የጤናው ባለሙያና የምክር ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ምንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሂሳቡን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግር መሆኑን ያውቃሉ። በእንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን አንድ ቡድን ሁኑ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ታሪክ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የአካባቢ ነርሶች እስከ 1974 ድረስ የሚተዳደሩት በምክር ቤቶች ሥር ነበር፤ የቤት ውስጥ ረዳቶችን የሚያሰማራውም ያው ምክር ቤት ነበር። በዚያ ዓመት በተደረገው መልሶ ማዋቀር ነርሶቹ ወደ ኤንኤችኤስ ተዛወሩ፣ ማኅበራዊ ሠራተኞቹ በነበሩበት ቀሩ። እንግዲህ ዛሬ አዲስ ሐሳብ እየተባለ የሚቀርበው ቅንጅት ከፊሉ ቀድሞ የነበረውን፣ በሕግ የተለያየውን ነገር መልሶ የመግጠም ሥራ ነው።

መልሶ ለመግጠም የተደረገው ሙከራ ግን ጥቂት አይደለም። የ1999 የጤና ሕግ ሁለቱ ወገኖች በጀታቸውን በጋራ ቋት እንዲያስቀምጡና አንዱ ለሌላው እንዲሠራ ፈቀደ፤ ይህ ሥልጣን ዛሬም በ2006ቱ የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሕግ አንቀጽ 75 ይገኛል፣ የአገልግሎቱ ሰዎችም በቁጥሩ ነው የሚጠሩት። በ2003 የወጣው ሕግ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው የቤት እንክብካቤ ባለመዘጋጀቱ ሆስፒታል ቢቆይ፣ ምክር ቤቱ ለእያንዳንዱ ቀን ለሆስፒታሉ እንዲከፍል አደረገ። ተባበሩ የተባሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሌላውን የሚቀጣበት መንገድ ማለት ነው። ቅጣቱ አንዳንድ ምክር ቤቶችን እንዳፋጠነ አልክድም፤ ነገር ግን ከሆስፒታል መውጣትን የእንክብካቤው ሁሉ ዋና ጥያቄ አድርጎ የማየት ልማድ አጠናከረ፤ ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ቀጥሎ የመጣው የተሻለ እንክብካቤ ፈንድ በ2013 ተነገረና በ2015 ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 5.3 ቢሊዮን ፓውንድ በጋራ ቋት ገባ፤ አብዛኛው አዲስ ገንዘብ ሳይሆን ከነበረው የጤናና የምክር ቤት በጀት የተነሣ ነበር። የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት እንደተመለከተው፣ ዕቅዱ ድንገተኛ የሆስፒታል መግባትን በ106,000 ለመቀነስ ነበር፤ በዚያው የ2015–16 የበጀት ዓመት ቁጥሩ በ87,000 ጨመረ። ብዙዎች ይህን አንብበው ቅንጅት አይሠራም ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ያልሠራው መለኪያው ነው። በእነዚያ ዓመታት የምክር ቤቶች በጀት ከ2010 ጀምሮ ሲቆረጥ የቆየ ነበር፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቁጥርም እየጨመረ ነበር። ከዚህም በላይ አንድ ነርስና አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ አብረው ወደ ቤት ሲገቡ ቀድሞ ማንም ያላየውን ችግር ያያሉ፤ ያልታከመ የልብ ድካም ያገኛሉ፣ ለዓመታት ብቻውን ሚስቱን ሲያስታምም የኖረ ደካማ ባል ያገኛሉ። ጥሩ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍላጎትን ያበዛል፤ ይህን የሆስፒታል ወጪ ይቀንሳል ብሎ ለገንዘብ ሚኒስቴር ቃል መግባት ሥራውን ገና ሳይወለድ በዕዳ ማስያዝ ነው።

ታዲያ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ጨርሶ ማዋሐድ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ለማግኘት ከዩናይትድ ኪንግደም መውጣት አያስፈልግም። በሰሜን አየርላንድ ጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ከ1973 ጀምሮ በአንድ መዋቅር ውስጥ ናቸው፤ ዛሬም አምስት የአካባቢ ድርጅቶች ሆስፒታሉንም የቤት ለቤት እንክብካቤውንም በአንድ ላይ ይመራሉ። በዚያ አገር ግን የሕክምና ወረፋው ከዩናይትድ ኪንግደም ሁሉ የረዘመ ነው፣ የቤት እንክብካቤ እስኪገኝ በሆስፒታል የሚጠብቅ ሰውም አልጠፋም። እኔ እንደማየው፣ በአንድ ቋት ውስጥ ድንገተኛ ክፍልና የቤት ረዳት ሲገናኙ፣ ጩኸቱ የሚሰማለት ድንገተኛ ክፍሉ ነው፤ የመዋቅር አንድነት ደካማውን ወገን ከዚህ አያድነውም። ስኮትላንድ በበኩሏ በ2014 ባወጣችው ሕግ 31 የቅንጅት ባለሥልጣናትን አቋቋመች፤ 30ዎቹ የጋራ ቦርዶች ሲሆኑ፣ በሃይላንድ ብቻ የጤና ቦርዱ የአዋቂዎችን እንክብካቤ፣ ምክር ቤቱ ደግሞ የልጆቹን ተረክበው ይሠራሉ። ስኮትላንድ ከዚያም ቀደም ብላ በ2002 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደ ማጠብና ማልበስ ያለውን የሰውነት እንክብካቤ በነጻ አድርጋለች፤ በ2019 ከዚያ በታች ላሉትም ተፈቅዷል። ስለዚህ በዚያ አገር ስለ መታጠቡ የሚነሣው የክፍያ ክርክር ኃይሉን አጥቷል። ይህ ከቦርዶቹ ሁሉ የበለጠ ጥቅም የሰጠ ይመስለኛል፤ ጥቅሙ ግን በሠራተኛ እጥረት ምክንያት ባዶ ሊቀር እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ በነጻ የተፈቀደ አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ከሌለ ወረፋ ብቻ ነው።

በእንግሊዝ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚነገርለት በደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ቶርቤይ ነው። የአካባቢው ነዋሪ ከአገሪቱ አማካይ ይልቅ በዕድሜ የገፋ ነው። ሥራው በትንሽ ሙከራ በብሪክሰም ከተማ ተጀምሮ፣ በ2005 የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ። መሪዎቹ ከመዋቅር ንድፍ በፊት አንዲት አረጋዊት በምናባቸው ፈጠሩ፤ ሚስስ ስሚዝ ብለው ጠሯት፤ እያንዳንዱን ውሳኔ ይህ ለሚስስ ስሚዝ ምን ይጠቅማታል እያሉ መዘኑት። ከዚያም ነርሶችን፣ ማኅበራዊ ሠራተኞችን፣ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ኑሮውን ተግባር ራሱ እንዲችል የሚያግዝ ሙያ) ባለሙያዎችን በአምስት የአካባቢ ቡድኖች አደራጅተው ከቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒክ ጋር አያያዟቸው። እኔን የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን አስተባባሪ የሚባሉት ሠራተኞች ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የነርስነትም የማኅበራዊ ሥራም ሙያ ፈቃድ አልነበራቸውም። ስልክ ያነሣሉ፣ ጥያቄውን ይቀበላሉ፣ አልጋ ወይም ምርኩዝ ያዝዛሉ፣ ማን መሄድ እንዳለበት ይወስናሉ፣ መሄዱንም ይከታተላሉ። ደዋዩ ጉዳዩን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራል። በዚህ ዘዴ ቶርቤይ በአረጋውያን የድንገተኛ አልጋ አጠቃቀም ከአካባቢው ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ሆነ፤ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚዘገዩ ሰዎችም እጅግ ጥቂት ሆኑ። በሌላ ሥፍራ ይህን ለመድገም የሞከሩት ብዙዎቹ መዋቅሩን ቀዱ፣ ስልኩን የሚያነሣውን ሰው ረሱ።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ቅንጅት በቦርድ ደረጃ ከመጀመር ይልቅ በሚሠራው ቡድን ደረጃ መጀመር አለበት ነው። ይህ ሲባል ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ በቡድን ደረጃ ያሉት እንቅፋቶች ከላይ የሚታዩት ሰዎች የማያውቋቸው ዓይነት ናቸው። አንዱ የካርታ ጉዳይ ነው። የኤንኤችኤስ ኃላፊነት ሰውየው የተመዘገበበትን የቤተሰብ ሐኪም ይከተላል፤ የምክር ቤቱ ኃላፊነት ደግሞ መደበኛ መኖሪያውን ይከተላል። በወሰን አካባቢ የሚኖር ሰው ሐኪሙ በአንድ ምክር ቤት፣ ቤቱ በሌላ ምክር ቤት ክልል ሊሆን ይችላል፤ የዚህን ሰው ጉዳይ የሚይዝ የጋራ ቡድን ገና ሲቋቋም ሁለት ካርታ ይዞ ይነሣል። ሌላው ሂሳብ ነው፤ ምክር ቤት በሕግ በጀቱን ማመጣጠን ግዴታው ሲሆን የጤና ተቋም ግን ዓመቱን በጉድለት ሊዘጋ ይችላል፤ በተጨማሪ እሴት ታክስ እንኳ ሁለቱ የሚተዳደሩበት ደንብ የተለያየ ስለሆነ፣ የጋራ ቋቱ በማን ስም ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ጠበቃና ሂሳብ ሠራተኛ ያሰበስባል። ቁመታቸው የማይመጣጠን ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር እንደመጥመድ ነው፤ ማረስ ይቻላል፣ ግን ገበሬው ቀንበሩን ማስተካከል ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የውክልና ጉዳይ ነው። ወደ መጀመሪያው ምሳሌያችን ብንመለስ፣ ተንከባካቢዋ ሠልጥና ኢንሱሊኑን ብትወጋ የማለዳው ግጭት ይፈታል። ይህ በሕግ አልተከለከለም፤ በብዙ አካባቢዎችም እየተሠራበት ነው። ነገር ግን ነርሷ ሥራውን ለሌላ ሰው ስትወክል ውክልናው ተገቢ ስለመሆኑ በሙያ ምዝገባዋ ትጠየቃለች፤ ተንከባካቢዋ ለአንድ ሰው የሠለጠነችው ሥልጠና ለሌላው ሰው ወዲያው አይሠራም፤ ድርጅቷ የመድን ሽፋኑን ማረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ በድፍረት መነገር ያለበት ነገር አለ። የነርሷ ደመወዝ በብሔራዊ ስምምነት የተወሰነ ነው፣ ጡረታዋም ጥሩ ነው። ተንከባካቢዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ ብዙም ያልራቀ ደመወዝ የምታገኝ፣ ከቤት ወደ ቤት ለምትጓዝበት ሰዓት ተገቢውን ክፍያ ለማግኘት የምትታገል ሠራተኛ ናት። በማኅበራዊ እንክብካቤው ዘርፍ በእንግሊዝ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የሥራ መደብ አለ፤ ከሠራተኛውም በዓመት ከአራቱ አንዱ ገደማ ሥራውን ይለቃል። ደመወዝ ሳይጨመር፣ ጊዜ ሳይጨመር የነርስ ሥራ ወደ ተንከባካቢ የሚተላለፍ ከሆነ ያ ቅንጅት አይባልም፤ ሸክምን ወደ ርካሹ ትከሻ ማዛወር ነው። በሌላ በኩል ሥልጠናው ዕውቅና ያለው ሆኖ፣ የጉብኝቱ ሰዓት ተራዝሞ፣ ክፍያውም ከኤንኤችኤስ በኩል ተጨምሮ ከመጣ፣ ተንከባካቢዋ ሰውየውን በየቀኑ የምታይ ብቸኛ ባለሙያ ናትና የቡድኑ ዓይን ልትሆን ትችላለች። የቆዳ መቅላት የአልጋ ቁስል ከመሆኑ በፊት የምታየው እርሷ ናት።

ስለ መዝገብ ጥቂት ልበል። የጋራ መዝገብ ለመዘርጋት ባለፉት ዓመታት ብዙ ተሠርቷል፤ በኤንኤችኤስ ቁጥር አማካይነት የአንድ ሰው መረጃ በሁለቱም ወገን ሊገናኝ ይችላል። ጉድለቱ ያለው ብዙውን ጊዜ የግል የእንክብካቤ ድርጅቶቹ ላይ ነው፤ ቁጥራቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነው፣ ብዙዎቹም ትንንሽ ናቸው፤ በማለዳ ወደ ቤቱ የምትገባው ሠራተኛ ከመዝገቡ ውጭ ትቀራለች።

በአንጻሩ ሁለቱ ወገኖች በተግባር አብረው ሲሠሩ የሚያምርበት አንድ አገልግሎት አለ፤ እርሱም አቅም የማስመለስ አገልግሎት ነው። ከሆስፒታል የወጣ ወይም የወደቀ ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ያለ ክፍያ በቤቱ ይታገዛል፤ ቴራፒስቱ ግቡን ይወስናል፣ ተንከባካቢዎቹ ደግሞ ሥራውን ለሰውየው ከመሥራት ይልቅ ራሱ እንዲሠራው ያለማምዱታል። ክፍያው ስለቀረ ስለ መታጠቡ የሚነሣው ክርክርም አብሮ ይቀራል። ችግሩ ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ነው፤ ሰውየው እንደገና ወደ ምዘናና ወደ ሀብት ማጣሪያ ይመለሳል፣ የሚያውቃቸው ሠራተኞች ይሄዳሉ፣ አዲስ ድርጅት ይመጣል።

በ2022 የወጣው የጤናና የእንክብካቤ ሕግ በእንግሊዝ የየአካባቢውን የጤና አገልግሎት የሚያቅዱና በጀቱን የሚያስተዳድሩ 42 የተቀናጀ እንክብካቤ ቦርዶችን አቋቁሟል። አንዳንዶቹ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚይዙ ስለሆኑ ከነርሷና ከተንከባካቢዋ በጣም ርቀው ይገኛሉ፤ ጠቃሚው ነገር ከሥራቸው በየሠፈሩ የሚደራጀው ቡድን ነው። የክፍያውን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ የግለሰብ ወጪ ጣሪያ እንዲኖረው በ2014 በሕግ ተደንግጎ፣ ከአንዴም ሁለቴ ተላልፎ፣ በመጨረሻ በጁላይ 2024 ተሰርዟል። በ2025 መጀመሪያ መንግሥት የጌቶች ምክር ቤት አባል በሆኑት በባሮነስ ሉዊዝ ኬሲ የሚመራ፣ የአዋቂዎችን ማኅበራዊ እንክብካቤ የሚመረምር ኮሚሽን እንደሚያቋቁም አስታውቋል፤ የመጨረሻው ሪፖርት እስከ 2028 እንዲቀርብ ታስቧል። ኮሚሽኑ የ1948ቱን መስመር የት ላይ እንደሚያንቀሳቅሰው እስካልታወቀ ድረስ፣ የአካባቢ ቡድኖች በተበላሸ መሠረት ላይ ጥሩ ሥራ ለመሥራት ይገደዳሉ፤ አንዳንዶቹም በእርግጥ ይሠራሉ።

እስካሁን ያልጠራኋቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ቤተሰቦች ናቸው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ክፍያ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንደሚንከባከቡ ገልጸዋል። ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች በተግባር የምታገናኘው በምሳ ሰዓቷ ከሥራ ቦታዋ ሆና ለነርስ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛና ለፋርማሲ ተራ በተራ የምትደውል ልጅ ናት። የ2014ቱ ሕግ እርሷም የራሷ ፍላጎት እንዲመዘን መብት ሰጥቷታል፤ የ2022ቱ ሕግም ሆስፒታሎች ሰውን ወደ ቤት ሲመልሱ ተንከባካቢ ቤተሰቦችን ገና ከመነሻው እንዲያማክሩ ያዛል። ሆኖም በሳምንቱ የቡድን ስብሰባ ላይ ስሟ የማይነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲስ የሠፈር ቡድን ለሚያቋቁሙ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፤ የዚህች ልጅ ስልክ ቁጥር በጋራ መዝገቡ የት ላይ ተጽፏል? የእናቷ ዕቅድ ሲለወጥ በዚያው ቀን የሚደውልላትስ በስም የሚታወቀው የትኛው ሠራተኛ ነው?